ያስቀናኝ ቆሎ

ለምወድሽ እናቴ፣

የጌታ ሰላም ከአንቺና ከቤቱ ሁሉ ጋር ይሁን። ናፍቆትሽን ካልቆጠርነው እኔ ሐዋሳ ደህና ነኝ።

እማ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ቀንቻለሁ። የዶርም ጓደኛዬ የሙንተሃ እናት መናኸሪያ ሱቅ አላቸው። በየሳምንቱ የሽምብራ ቆሎ ራሳቸው ቆልተው፣ ኦቾሎኒ ቀላቅለው ያመጡላታል። ላብራቶሪ ስንውል የካፌ ምሳ ሰዓት ያልፈናል፤ ያኔ ከጋውኗ ኪስ እፍኝ አውጥታ ስትቆረጥም አጠገቧ መቀመጥ ያናድደኛል። ብታካፍለኝም "ጠግቤያለሁ" እላታለሁ። አምና እኮ ዶርሙ በሙሉ የሚሻማው ያንቺን ቆሎ ነበር!

አሁን የመጣልኝ ግን ግማሹ አሯል፣ ግማሹ ጥሬ ነው፤ ጨውም የለውም። ሙንተሃ ቀምሳ የቀረውን ወደ ከረጢቱ መለሰችው። እኔም "እንዲህ ነው የምወደው፤ እናቴ ሆን ብላ ነው" አልኳት። የከረጢቱን አፍ አንቺ በቀይ ክር ነበር የምታስሪው። ይሄኛው አባባ ጆንያ በሚያስርበት ቋጠሮ ታስሮ ስለመጣ በጥርሴ ነው የፈታሁት።

ስደውል አባባ አንዴ "ጸሎት ሄዳለች"፣ አንዴ "ተኝታለች" ይለኛል። "አንቺ ብቻ ፈተናሽን በደንብ ጨርሺ" ይልና ይዘጋዋል። የሙንተሃ እናት ግን በቀን ሦስቴ ይደውላሉ።

ፈተናው ዓርብ ያልቃል። ባዶውን ከረጢት ይህን ደብዳቤ ከትቼበት በአውቶቡስ ልኬልሻለሁ። አንድ እፍኝ ይበቃኛል። ቢያርርም ግድ የለኝም፤ ብቻ በቀይ ክር እሰሪልኝ።

ጌታ ከነሙሉ ጤናሽ ያቆይልኝ።

ቅናተኛዋ ልጅሽ፣
ታቢታ