ሠላሳ ዘጠኝ ቁጥር

ጥቅምት 4
ደከመኝ። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከሆስፒታሉ በር ጫማውን ከታናሽ እህቴ ከሚጢጢ ተቀበልኩ፣ ማታ አንድ ሰዓት ላይ መለስኩላት። እኔ የቀን ተረኛ፣ እሷ የማታ። በሽተኛ እንዳይረበሽ ነጭ ስፖርት ጫማ ግዴታ ነው ሲሉን፣ አብረን አንገባ፣ አንድ ለምን አይበቃንም ብለን ገዛን። የእኔ እግር አርባ፣ የእሷ ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ ያስታርቀናል አልን! ሁለት ትልልቅ ሴቶች ተመካክረን ያመጣነው ብልሃት።

ጥቅምት 9
የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሯል። ለሚጢጢ አልነገርኳትም። ዛሬ በሩ ላይ ስትጠይቀኝ "ልክክ ብሎኛል" አልኳት። "እኔንም" አለች። ሳደርገው ግን ከጫፉ ውስጥ የተወሸቀ ካልሲ አገኘሁ... ረስታው ይሆን?

ጥቅምት 15
ደረጃ ላይ አነከስኩ። የክፍሉ ሲስተር አየችኝ። በሽተኛ ደግፈሽ ብትወድቂስ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተሻለሽ ከዚህ ክፍል አወጣሻለሁ አለች። እውነቷን ነው። ሰው የማነሳና የማስቀምጥ ሴት፣ የራሴን እግር ካልቻልኩ ምን እሠራለሁ?

ጥቅምት 16
ሁለታችንም እረፍት ነን። ጫማው እኔ ጋ አድሯል። ይዤው ከሰዓት በኋላ ጫማ ቤት ሄድኩ። ሻጩ በወጣትነታቸው ሯጭ የነበሩ አዛውንት ናቸው። ጠዋት ብትመጪ እመልስሽ ነበር፣ እግር ሲውል ያብጣል አሉኝ። የሥራ ካልሲዬን አስደርገው፣ አስቁመው ሁለቱንም እግሬን ለኩ። ቀኙ በለጠ። የሚገዛው ለትልቁ ነው አሉ።

ከዚያ የአሮጌውን ጫማ የውስጥ ንጣፍ አውጥተው ብዙ አዩት። ሁለት ረድፍ የጣት ምልክት...

"ይሄን ጫማ ስንት ሰው ነው የሚያደርገው?"

"ሁለት" አልኩ። አፈርኩ።

"ለሁለታችሁም አልሆነም፣ ልጄ።"

አርባ አንድ አመጡልኝ። አርባም አይደለሁም ለካ! ከጣቴ ፊት አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ተረፈ። ቤቱ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አልኩ። እግሬ ተነፈሰ። እንባዬ መጣ... ለጫማ!

ጥቅምት 17
ማታ በሩ ላይ አሮጌውን ሰጠኋትና የጥፍሬን ነገር ነገርኳት።  እኔም ካልሲ እየወሸቅኩ ነው የምሠራው፣ ትንሽ ከተገዛ አንቺን እንዳይጠብሽ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ አለችኝ። እኔ ደግሞ ለእሷ ብዬ! ሳቅን። ነገ እሷም አዛውንቱ ጋ ትሄዳለች።

ኅዳር 2
አላነክስም። ሲስተሯም ከክፍሉ አወጣሻለሁ ማለቷን ትታለች። ሚጢጢ ሠላሳ ስምንቷን ገዛች። እሷ በጓሮው በር ትገባለች፣ ለቤቷ ይቀርባል። እኔ በፊት ለፊቱ እወጣለሁ። ካየኋት ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ያቺ አሥር ደቂቃ... በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጠን አንዳችን ስታወልቅ ሌላችን ስታደርግ፣ የልጆቿን ወሬ፣ የእናታችንን ሕመም የምናወራው ያኔ ነበር። ሌላ ጊዜማ መች አለን? ናፈቀችኝ።

ኅዳር 6
ማታ ስወጣ ሚጢጢ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። አዲሱን ጫማዋን አድርጋለች። ምነው፣ በዚህ በኩል? አልኳት።

"ክሩ አልታሰር አለኝ፣ እትዬ" አለችና እግሯን ዘረጋችልኝ።

አጥብቃ አስራዋለች። አጠገቧ ተቀመጥኩ፣ ፈታሁትና ቀስ ብዬ እንደገና አሰርኩላት።