ሦስተኛዋ ማብሪያ

የካቲት 12 ቀን 1980፣ ዘመሮ

ጨረስኩ! ሦስት ቀን ይፈጃል የተባለውን በአንድ ቀን ተኩል። የዝናብ መለኪያው ግብርና ግቢ ውስጥ ተተከለ፣ ሞደሙም ከስልክ መስመሩ ጋር ተያያዘ። መለኪያው ይቆጥራል፣ ሞደሙ አዲስ አበባ ወዳለው የእርዳታ ማዕከል ደውሎ ቁጥሩን ይነግራል። ሰው አያስፈልገውም። ጀርባው ላይ ስምንት ጥቃቅን ማብሪያዎች አሉት፤ ጠባዩን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሦስተኛዋ ወደ ታች ከሆነች በየቀኑ ጠዋት ሁለት ሰዓት ይደውላል። ወደ ላይ ከሆነች ሲዘንብ ብቻ። መመሪያው ባትሪ እንዲቆጥብ ወደ ላይ ይላል። ወደ ላይ አደረግኳት። አንድ ጣሳ ውሃ መለኪያው ላይ ባፈስበት... ወዲያው ደወለ! ማን አለ እንደኔ?

የካቲት 26

ሦስት ወር እንድከታተለው ታዝዣለሁ። ምኑን እንደምከታተል እንጃ። ፀጥ ብሏል። ደግ ነው፣ ዝም አይነቅዝም።

መጋቢት 9

ቤት ያከራዩኝ ወይዘሮ አረጋሽ የዘሩት ገብስ አልበቀለም። ዘሩን ወፍ ለቀመው። ዘንድሮ በልግ ብሎ ነገር የለም። ገበሬ ማኅበሩ ጓሳን፣ ተከልሎ የሚቆየውን የጋራ ግጦሽ፣ ከወትሮው ቀድሞ ለከብት ከፈተ... እንዲህ የሚደረገው ክፉ ቀን ሲመጣ ነው አሉኝ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጾም ሲፈታ ቆሎ አቀረቡልኝ። እሳቸው ሲዘግኑ ግን አላየሁም።

መጋቢት 14

ማዕከል ደወልኩ። የእርዳታ እህል ዝርዝር የሚያዘጋጀው ጓድ ፈንታ አነሳ።

«ዘመሮ? ከዝርዝሩ ውጪ ነው።»

«እንዴት? ጠብ አላለም እኮ!»

«ማሽናችሁ ምንም አልላከም። ቁጥር ያልላከውን ችግር የለበትም ብለን እናልፋለን።»

«አልዘነበም እያልኩህ!»

«ጓድ፣ ይሄንንማ ሁሉም ይላል። የሰባት ቀን ቁጥር ከማሽኑ፣ እስከ መጋቢት 25። ከዚያ ዝርዝሩ ይዘጋል።»

ማሽኑ እኮ ልክ ነው! አልዘነበም፣ አልደወለም። ይሄ እንዴት አይገባቸውም? ስናደድ ዋልኩ።

መጋቢት 15

ጥፋቱ የማዕከል ነው ብዬ ለወይዘሮ አረጋሽ ነገርኳቸው። የበግ ጠጉር እየፈተሉ ሰሙኝ።

«ሲዘንብ ይጮሃል፣ ሲጠፋ ዝም ይላል በለኛ?»

«አዎ።»

«ወይ ጉድ! እኛስ ምህላ የምንገባው ሲጠፋ ነው። ከዘነበማ ምን ያስጮኸዋል?»

ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል፣ ልጄ። ይናገር እንጂ!»

ያቺ ማብሪያ... በገዛ እጄ ነው አፉን የዘጋሁት። አፈርኩ። ጎበዙ እኔ ነኝ?

መጋቢት 16

ያለ ፈቃድ መነካካት ክልክል ነው። የመጣው ይምጣ! ወደ ታች አደረግኳት።

መጋቢት 17

ልክ ሁለት ሰዓት። ደወለ። ዜሮ።

መጋቢት 19

ዜሮ። ወይዘሮ አረጋሽ ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይጠብቁኛል። «ዛሬስ ተናገረ?»

መጋቢት 21

ባትሪው ደከመ። ፈርቼው ነበር። የግብርናውን ሾፌር ዳኜን ለምኜ የመኪናውን ባትሪ ተዋስኩ። «ብትገድለው እገድልሃለሁ» አለኝ። እስኪ ይሞክረኝ! በስንት መከራ ደወለ። አምስተኛው ዜሮ።

መጋቢት 23

ሰባተኛው! በዜሮ እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አላስብም ነበር። ወዲያው ደግሞ ከፋኝ... ዜሮ ማለት እኮ የወይዘሮ አረጋሽ ማሳ ነው። ከሰዓት በኋላ ጓድ ፈንታ ራሱ ደወለ። «ገብታችኋል» አለ።

ሚያዝያ 14

አራት መኪና ስንዴ ገባ። ወይዘሮ አረጋሽ ስልቻቸውን ይዘው ተሰለፉ፤ ተሸከምኩላቸው። መርቀውኝ አልጠግብ አሉ።

በዚያው መኪና ለእኔም ደብዳቤ መጥቷል። «ሦስተኛዋ ማብሪያ በማን ትእዛዝ ወደ ታች ሆነች? በአስቸኳይ በጽሑፍ ይገለጽ።»

ከደመወዝ ሊቀጡኝ ነው። ይቅጡኝ! ወረቀት አወጣሁና በትልቁ ጻፍኩ፦

«በወይዘሮ አረጋሽ ገሠሠ ትእዛዝ።»

ፈረምኩበት። ባዶውን በሚመለሰው መኪና ላክሁት።