ከመጋረጃው ጀርባ ያሉ እጆች

ሰኞ፣ የካቲት 3

ካልሲ መሥሪያ ማሽን ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። እስከ ክርኔ ግሪስ... ዲግሪዬ ገና ዛሬ ሥራ የጀመረ መሰለኝ!

ሥራ አስኪያጁ የስብሰባ አዳራሹን በመጋረጃ አስከፈለው። ወንዶች ከፊት፣ ሴቶች ከኋላ። ጸሎት ከጀመረ ወዲህ እንዲህ አድርጎታል። ማሽን ላይ ግን ትከሻ ለትከሻ ነን። ኃጢአት ስብሰባ ላይ ብቻ ነው እንዴ የሚመጣው?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ዓርብ የፈረቃ አለቃ ምርጫ ነው። እጅ በማውጣት... ከጓዶቹ ዘመን የተረፈ ልማድ።

«ጢሙ» የምንለው የፈረቃችን ሰው ይወዳደራል። አምና ከመጠጥ ቤት ተሸክመው የሚያወጡት ሰውዬ፣ ዘንድሮ ጢሙን አስረዝሞ መካሪ ሆኗል። ካሸነፈ ሴቶቹን በሙሉ ወደ ማሸጊያ ክፍል ሊያዛውረን ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ካልሲ ላጣጥፍ ነው? ተመዘገብኩ።

እናቴ እዚያው ፋብሪካ፣ ክር ክፍል ትሠራለች። ወሬው ቤት ሳልደርስ ደርሷታል።

«አርፈሽ ተቀመጪ!»

«እማ፣ በጓዶቹ ዘመን አንቺስ የፈረቃ አለቃ አልነበርሽም?»

«ያኔ ያላበደ ማን ነበር?»

ሻሿን አጥብቃ ልትጸልይ ገባች። ለእኔ ይሆን ወይስ በእኔ ላይ?

ዓርብ፣ የካቲት 7

ምርጫው ዛሬ ሆነ።

ጢሙ አሥራ ዘጠኝ ድምፅ አገኘ፤ ሁሉም ወንድ። ተራው የእኔ ሆነ። ሴቶቹ እጃቸውን ሰቀሉ። ሥራ አስኪያጁ ከመጋረጃው ማዶ፣ «ማንም የለም» አይል መሰላችሁ!

«አለን እንጂ!» ብለን ጮህን።

«ታዲያ እንዴት ልቁጠራችሁ? ወደዚያ አልሻገርም።» ራሱ ባሰቀለው መጋረጃ ተተበተበ፣ ምስኪን።

ጢሙ «ያልታየ እጅ አይቆጠርም!» አለ።

እናቴ ብድግ አለች። «እኔ እቆጥራለሁ። አምላኬ ፊት አልዋሽም።» ማን ይከራከራታል? በጸሎት የሚስተካከላት የለም። ጣቷን እየቀሰረች ቆጠረች... ዘለዓለም የፈጀ መሰለኝ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

እኩል! ወንዶቹ ማጉረምረም ጀመሩ። እማ እኔን አላየችኝም። ቀስ ብላ የራሷን እጅ አወጣች።

«ሃያ።»

ሰኞ፣ የካቲት 10

የመጀመሪያ ቀኔ። ጢሙ ማሽኑ መቆሙን ነገረኝ፤ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

«ጣሪያው አይጠግንልህም ወንድሜ፣ ወደ እኔ ዙር» አልኩት። ዞረ።

ቀኑን ሙሉ ስጮህ ዋልኩ። ግማሹ አልሰማኝም፣ ግማሹ እንዳልሰማ ሆነ። መውጫ ላይ እማ ጎትታ ጥግ አስያዘችኝ። አሁን ሴት ልጅ ድምፅዋን ዝቅ ታድርግ ልትለኝ ነው...

«በጉሮሮሽ አትጩዪ» አለች። «ማሽኑ ይውጠዋል። ከሆድሽ አውጪው።»