የአባቴ ፊርማ ያለበት ፈቃድ

ማክሰኞ፣ ማርች 4
ንፋስ ብቻ። ዝናብ የሚባል የለም። ሮይስ ቁርስ ላይ መጽሐፉን ከእጄ መንጭቆ አገላበጠው።
"ደግሞ ይሄ ምንድን ነው?"
"የተለማማጅ ፈቃድ ፈተና።"
"እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ትራክተር ስነዳ ማን መጽሐፍ ሰጠኝ?"
ማንም። ያስታውቃል... (በሆዴ ነው ያልኩት።)
ፊት ለፊት አባዬ እለዋለሁ። እዚህ ግን ሮይስ ነው። ለደብተር ደግሞ ምን ማስመሰል ያስፈልጋል?

ዓርብ፣ ማርች 14
አለፍኩ! ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው የሳትኩት!
አሥራ አምስት ዓመቴ ስለሆነ ወላጅ መፈረም አለበት። እናቴ ዳላስ ናት፣ ከአዲሱ ባሏ ጋር። ስለዚህ ሮይስ። መስኮቱ ጋ ያለችው ሴትዮ አነበበችለት። "ልጅዎ ለምታደርሰው ጉዳት ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። በፈለጉ ጊዜ ፊርማዎን ማንሳት ይችላሉ። ያኔ ፈቃዱ ይሰረዛል።"
ሮይስ ሰው ሲያወራ አይሰማም። ይሄንን ግን ሰማ።
"በፈለግኩ ጊዜ?"
"በፈለጉ ጊዜ።"
ፊቱ በራ። እግዜር ያሳይሽ፣ ማርኒ፣ አባትሽ በአንቺ ፈተና አይደለም የተደሰተው።
ምንም ይሁን። አንድ ዓመት ያለ ጥፋት ከያዝኩት ቀጥታ መንጃ ፈቃድ ነው። የከብት ሐኪሟ ዶክተር ሊንዳል፣ "ራስሽ ነድተሽ መምጣት ስትችይ የቅዳሜው ሥራ ያንቺ ነው" ብላኛለች። ከተማ ሃያ ሁለት ማይል ነው። በእግር አይሞከርም። አንድ ዓመት... ምን አላት!

ቅዳሜ፣ ማርች 22
"ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮን አልኩሽ! እግር ነው ግንድ ያበቀልሽው?"
ሞተሩ ሦስቴ ጠፋብኝ። አራተኛው ላይ ሄደ። እሱ ግን የቆጠረው ሦስቱን ነው።
ቤት ስንገባ ቦት ጫማውን ወረወረልኝ። ጥረጊ ማለቱ ነው። "በኋላ" ስለው፣ "ፊርማዬን ላንሳ?" አለ፣ እየሳቀ።
ጠረግኩ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9
ዛሬ "ፊርማዬን ላንሳ" ሁለት ጊዜ። አንዱ ድንቹ አረረ ተብሎ ነው።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 26
ሁሉንም እንደሆነው ልጻፍ።
ከከብት ጨረታ ስንመለስ ነው። ሮይስ ከገበሬዎቹ ጋር ቢራውን ሲጋት ነው የዋለው። "ልንዳ፣ አባዬ። ጠጥተሃል" አልኩት። "ቢራም መጠጥ ሆኖ!" ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።
የጎረቤታችን የሚስተር ሆሉብ ግጦሽ ጋ መንገዱ ይታጠፋል። እሱ አልታጠፈም። የሽቦ አጥሩን በጣጥሰን ገባን። ከዚያ ድው... አንዲት ቀይ ጊደር። ወዲያው አልሞተችም። እግሯን ታወራጭ ነበር። እኔ ወርጄ ጭንቅላቷን ያዝኩ። እሱ ወርዶ ፓራውልቱን አየ። ፓራውልቱን!
"አንቺ ነሽ የነዳሽው" አለኝ።
መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።
"የኔ መንጃ ከዚህ በፊትም ተይዟል። አንድ ነገር ከተጨመረ መንጃዬን ይወስዱታል፤ የምነዳው የመኖ መኪናም፣ እንጀራችንም በዚያው ይቀራል። አንቺ ተለማማጅ ነሽ። ተለማማጅ ያጠፋል። ማን ምን ይልሻል?"
"ኢንሹራንሱ ለጊደሯ ሲከፍል እኔ ላይ ይመዘገባል። ፈቃዴ..."
"ፈቃድሽ? የማን ፊርማ ነው ያለበት? ነገ ሄደሽ ለሽማግሌው ለሆሉብ ትነግሪዋለሽ። አለዚያ ሰኞ አነሳዋለሁ።"
በዚህ አገር ደንብ ነው። የጎረቤት አጥር የጣሰ ሰው ራሱ ሄዶ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ይናገራል። ከዚያ በሁለቱ መሃል ያልቃል፣ ሸሪፍ፣ ፖሊስ የሚባል ነገር አይነሳም። ሮይስ ደንቡን አሳምሮ ያውቀዋል። የሚወልቀው ባርኔጣ እኔ ሆንኩ።
ብዋሽም ፈቃዴ ይበላሻል፣ ባልዋሽም ይሰረዛል። ታዲያ ምን ቀረኝ?

እሑድ፣ ኤፕሪል 27
ሄድኩ። ሚስተር ሆሉብ ብቻቸውን ሽቦ ይቀጥላሉ። ጊደሯን ሸራ አልብሰዋታል።
መንገዱን ሙሉ "እኔ ነኝ የነዳሁት" እያልኩ ስለማመድ ነው የመጣሁት። አፌን ከፈትኩ። "እኔ..." አልኩ። ሸራውን አየሁት። ጆሮዋ ወጥቶ ይታያል፣ ቢጫ ቁጥሯ ሳይቀር።
"አባቴ ነው የነዳው" አልኩ።
ፒንሳቸውን አስቀመጡ። "አውቃለሁ። ጎተራው በር ላይ ቆሜ በመሪው በኩል ሲወርድ አይቼዋለሁ። ይመጣል ብዬ ስጠብቀው ነው የዋልኩት፣ ልጄ።"
ጓንታቸውን አወለቁና፣ "ራሱ ቢመጣ ኖሮ አጥሬን አብረን ሠርተን ነገሩን እረሳው ነበር። ልጁን ከላከ ግን ለሸሪፍ እደውላለሁ። ይቅርታ" አሉኝ።
"ይደውሉ" አልኳቸው።
እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 29
"ያሳደግኩት ውሻ ነከሰኝ" ይላል ሮይስ፣ ከክፍል ክፍል እየዞረ። እናቴንም አልማራት። "የእናትሽ ልጅ!" አዎ፣ የእናቴ ልጅ ነኝ፤ እሷስ ለምን እንደሄደች አሁን ነው የገባኝ።
ትናንት ከተማ ድረስ ሄዶ ፊርማውን አንስቷል። ለዚህ ለዚህ ጊዜ አያጣም።

ሐሙስ፣ ሜይ 8
ደብዳቤው መጣ። ተሰርዟል፣ ካርዱን መልሺ። ፎቶዬ ላይ ጥርሴ ሁሉ ይታያል፣ ደስ ብሎኝ ነበራ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። የእኔን ልቅሶ እሱ አይሰማም!

ረቡዕ፣ ሜይ 21
ሮይስ ፍርድ ቤት ቀረበ። ጠጥቶ መንዳቱን የጨረታው ሰዎች መሰከሩ። መንጃው ለአንድ ዓመት ተያዘ። መሥሪያ ቤቱ የመኖ መኪናውን ቀምቶ ከተማ ያለው መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተሸካሚ አድርጎታል። ግን ማን ያድርሰው? ለጎረቤት ሁሉ ደወለ። ሁሉም ሥራ አለበት። ደስ ይበልሽ፣ ማርኒ... ደስ አለኝ እንዴ? አዎ። ነውር ነው፣ ግን አዎ።

እሑድ፣ ሜይ 25
ቡና ቀድቶ ሰጠኝ። ሮይስ! ለኔ!
"ማርኒዬ" አለ። እንደዚህ ብሎኝ አያውቅም። ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። ፈርሞበታል። "ማክሰኞ እናወጣዋለን፣ አንድ ጓደኛዬ ያደርሰናል። ከዚያ በኋላ አንቺ ታመላልሺኛለሽ።"
"ተለማማጅ ጎን መንጃ ያለው ሰው መቀመጥ አለበት። አንተ ደግሞ የለህም።"
"ማን ያያል? መንገዱ ላይ ከላም በቀር ምን አለ?"
"ቢያዙንስ?"
"ብንያዝ... አንቺ ልጅ ነሽ።"
አየሽ? ዛሬም ያው ነው። ቢያዙን ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። ፎርሙን አየሁት። የዶክተር ሊንዳል ቅዳሜ ታየኝ፣ ትንሹ ነጭ ክሊኒክ፣ የጥጆቹ ሽታ... ፈለግኩት። እጄ ሊሄድ ነበር።
"አልፈልግም" አልኩት።
"ሌላ የሚፈርምልሽ የለም!"
"አሥራ ስምንት ሲሞላኝ ራሴ እፈርማለሁ።"
ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር። እጠብቃለሁ። ቡናውን ግን ጠጣሁት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 27
ዛሬ ጠዋት የትምህርት ቤት አውቶቡሱ ሲመጣ ሮይስ ምሳ ዕቃውን ይዞ ከኋላዬ መንገድ ዳር ወጣ። ሸሚዙን ተኩሷል። አሳዘነኝ... ትንሽ። አልዋሽም፣ ትንሽ አሳዝኖኛል።
ገብቼ ተቀመጥኩ። ሹፌሯ በሩን ይዛ አየችው። "አባትሽ ምን ፈልጎ ነው?"
"ወደ ሥራ የሚወስደው ሰው" አልኳት።
"እኔ ተማሪ ብቻ ነው የምጭነው" አለችና በሩን ዘጋችው።