ከስልኩ ጋር የመጣች ሴት

ሐሙስ፣ ጥቅ. 11፣ ምሳ ሰዓት

ዛሬም መ/ቤት። ዛሬም ሽሮ። ልቤ ግን እሑድ ላይ ነው። የፍቅረኛዬ የዳዊት ሽማግሌዎች አራብሳ ድረስ መጥተው እኔን ከአባባ ሊጠይቁ! አባባ ሱፋቸውን ላውንደሪ ሰጥተው፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው እሑድ ማን ነው የሚመጣው ይሉኛል። ያሾፉብኛል፣ ማስታወሻዬ።

ሐሙስ ማታ፣ 1 ሰዓት

ከሥራ በኋላ ቦሌ ካፌ ተገናኘን። ዳዊት እጁን ሊታጠብ ተነሳ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ በራ። ቀይ ቀሚስ፣ የተራቆተ ትከሻ። «ሊንዳ በአቅራቢያህ ናት። እየጠበቀችህ ነው።»

ክው አልኩ።

ሲመለስ አሳየሁት። ሳቀ። ሳቀ እኮ! ማስታወቂያ ነው፣ ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣ አፕ ነው፣ ላጠፋው ብል እምቢ አለኝ አለ። ሴት ተጭኖበት የሚሸጥ ስልክ የት ታይቷል? ጅል አደረገኝ? ሽማግሌ እንዳትልክ ብዬው ወጣሁ። ማኪያቶዬን እንኳ አልጨረስኩም።

ዓርብ፣ ጥቅ. 12

ደጋግሞ ደወለ። አላነሳሁም። ከሰዓት አጭር መልእክት፦ ለሽማግሌዎቹ ቀርቷል ብያቸዋለሁ። በቃ? እንዲህ በቀላሉ? ቢሮ ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለአባባ ልነግራቸው ነው። ነገ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 13

አልነገርኳቸውም። ከጎረቤት ወንበር ተውሰው፣ ደረጃውን እያለከለኩ ሲወጡ አገኘኋቸው። ወንበሩን ተቀብዬ አብሬያቸው ወጣሁ።

እሑድ፣ ጥቅ. 14፣ ረፋድ

ስሚኝማ!

አባባ በሱፍ በክራቫት ሶፋው ላይ። ዓይናቸው በሩ ላይ። የሚመጣ ሰው የለም ልላቸው አፌን ስከፍት ኪሳቸው ጮኸ። መነጽራቸውን አደረጉ። ፊታቸው ተለዋወጠ። ስልኩን ወደ እኔ አዞሩት።

«ሊንዳ ማናት ልጄ? ከቅዳሴ ስወጣም ጠርታኝ ነበር። ተሳስተሻል ብዬ ልጽፍላት ብል አልሆነልኝም።»

ቀይ ቀሚስ። ያው ትከሻ። ያችው ሊንዳ!

ስልኮቹን እኮ ባለፈው ሳምንት ከዳዊት ጋር አብረን ነው የገዛናቸው። ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት፣ አንዱን ለእሱ፣ አንዱን ለአባባ። እንዴት አልታየኝም? አፑን ላጠፋው ሞከርኩ። ማጥፊያ የለውም። ዘግቼ ከፈትኩት፤ ሊንዳ ተመልሳ መጣች። እውነቱን ነበር፣ ማስታወሻዬ። የእኔ ዳዊት እውነቱን ነበር።

ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ይቆጡኛል ስል ተነሱና እንሂድ አሉ። የት? ልጁ ቤት፣ ገርጂ። የሴት አባት ሽማግሌ ሆኖ ሲሄድ የት ታይቷል አልኳቸው።

«ሴት ተጭኖበት የሚሸጥ ስልክስ የት ታይቶ ነበር?»

እሑድ፣ 6 ሰዓት፣ መኪና ውስጥ

ኢምፔሪያል ጋ መንገዱ ተዘጋግቷል። ዳዊት ስልክ አያነሳም። አባባ ስልካቸውን ለምስክርነት በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከአራብሳ ጀምሮ አንዴም አልጮኸም። ሦስት ቀን ስረግማት የከረምኩት ሴትዮ ዛሬ ባትመጣስ ብዬ እየፈራሁ ነው። ጉድ እኮ ነው!

ደረስን። ዳዊት በሩ ላይ ቆሟል፤ አይቶናል። አልሳቀም። አባባ ሱፋቸውን እየቆለፉ ወረዱ። እኔም መውረድ አለብኝ። ይቅርታ ልለው ነው፣ በአባቴ ፊት፣ አሁኑኑ። የአባባ ስልክ ጮኸ። ሊንዳ መጣችልኝ!