አዲሱና አሮጌው ፒንቦል፣ ጎን ለጎን

ሐሙስ፣ የካቲት 14
ከወርክሾፑ

ለውድ ልጄ፣

እንደምን ከርመሻል? ሥራው፣ ብርዱ፣ ያ ሲንጫጫ የሚያመሽ ጎረቤትሽ እንዴት አደረገሽ? እኔ ደህና ነኝ። እተኛለሁ፣ ወርክሾፑን በሰዓቱ እከፍታለሁ። እበላለሁም፤ ጨው ይነሰው ይብዛው ግን አክስትሽ ናት የምትነግረኝ። ስደውል ስለማታነሺ በደብዳቤ ልሞክር ብዬ ነው። አክስትሽም «የመጣልህን ጻፍላት፣ ዝም ብቻ አትበል» አለችኝ።

ከእናትሽ ቀብር ማግስት አውቶቡስ ተራ ስሸኝሽ «አባዬ፣ አንድ እንባ እንኳን?» ብለሽኝ ነበር። አውቶቡሱ ሄደ፣ እኔም ተመልሼ የጀመርኩትን ቦርድ መበየድ ቀጠልኩ። እስካሁንም መልሱ ስላልመጣልኝ የማውቀውን ልጻፍልሽ። የማውቀው ደግሞ ፒንቦል የሚሉትን የጨዋታ ማሽን መጠገን ነው። አንቺም በመስታወቱ ሥር የምትሮጠውን የብረት ኳስ እያየሽ ነው ያደግሽው።

የጨዋታ ቤቱ ባለቤት፣ ያ ፀጉሩን ቀለም ስለሚቀባ እናትሽ «ጎረምሳው» ያለችው፣ አዲስ ፒንቦል ገዝቶ ገጣጥምልኝ ብሎ አመጣልኝ። ከእኛው አሮጌ ጎን፣ ግድግዳው ሥር አቆምኩት። አናጢው ጎረቤታችን በጣቱ አንኳኳውና «ችፑድ ነው። ሲያዩት ያምራል፣ ሲበሉት ያቅራል» አለ። አናጢ የሰው እንጨት ሳያማ አያድርም። እኔ ግን ፍርደ ገምድል መሆን አልፈልግም፤ አዲሱ ብዙ መልካም ነገር አለው። ብቻዬን አዞርኩት፤ አሮጌውን ለማዞር ግን አናጢውን ከነልጆቹ መጥራት ነበረብኝ። አዲሱ ሲበላሽ የቱ ጋ እንዳመመው ራሱ በስክሪኑ ይናገራል። አሮጌው አፍ የለውም፤ ሽቦ በሽቦ ተከትለሽ ነው ሕመሙን የምታገኚው። የአዲሱ አምፖሎች አይግሉም፣ መስታወቱም ዓይን አይወጋም።

ጉድለቱንም ልንገርሽ። እግሮቹ ቀጭን ላሜራ ናቸው፤ ብሎኑን ትንሽ ጠበቅ ካደረግሽው ጥርሱ ያልቃል። የአሮጌው ሣጥን ወፍራም ጣውላ ነው፣ በዚህ ዕድሜውም አልሞት ባይ ተጋዳይ ነው። ደወሉ እውነተኛ ደወል ነው፤ መዶሻው ሲመታው ጣውላው ሁሉ ይነዝራል። የአዲሱ ደወል ከስፒከር የሚወጣ ድምፅ ነው። ትልቁ ልዩነት ግን መዳፍ ላይ ነው። አሮጌው ላይ ቁልፉን ስትጫኚ ቦቢናው፣ ያ የሽቦ ጥቅል፣ ክንፉን ይስበዋል፣ ክንፉ ኳሷን ሲመታት ምቱ በጣውላው አልፎ እጅሽ ድረስ ይመጣል። ኳሷ የት እንዳለች ሳታዪ ታውቂያለሽ። በአዲሱ ምቱ መንገድ ላይ ይቀራል።

ይህን ያስተማረችኝ እናትሽ ናት። አንድ ማሽን ጠግኜ ስጨርስ እሷ ሳትፈትሸው ከዚህ ቤት አይወጣም ነበር። እኔ በቴስተር እለካለሁ፤ እሷ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትመጣና ዓይኗን ጨፍና ሁለቱን መዳፎቿን ከግራና ከቀኝ ታሳርፍበታለች። «ገና ነው» ካለች ገና ነው። «ነፍስ ዘርቷል» ካለች ባለቤቱን እጠራለሁ። በዚህ ነገር ስንጨቃጨቅ አንድም ቀን ረትቻት አላውቅም።

ታዲያ አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን አቁሜ ስሞክራቸው አሮጌው የሞተ መሰለኝ። ክንፉ ይመታል፣ ኳሷ ትሄዳለች፣ እጄ ላይ ግን ምንም የለም። ሞላው ደክሟል ብዬ ቀየርኩት። ጎማውን ቀየርኩ። ቦቢናውን ፈትቼ እንደ አዲስ ጠመጠምኩት። ቴስተሩ ሁሉም ልክ ነው አለኝ፤ አላመንኩትም። ሳምንቱን ሙሉ ሆዱን ከፍቼ ስጎረጉረው ሰነበትኩ፣ የሰው ሥራ ሁሉ ቆመ።

ትናንት ጎረምሳው አዲሱን ሊወስድ መጣ። መኪናው እስኪደርስ ብሎ አሮጌውን ሲጫወት ቆየና እጁን አራገፈ።

«ጋሼ፣ ምን አደረጉት? ነዘረኝ እኮ።»

«ሽቦ ነካህ እንዴ?»

«ኧረ አይደለም፣ ምቱ ነው። ክንዴ ድረስ ነው የሚመጣው።»

«ሞቷል ብዬ እኮ ነው የፈታሁት።»

ሳቀ። «ይሄ ከሞተማ እኛም የለንም።»

አንተ ተጫወት አልኩትና እጄን እሱ ካሳረፈበት አጠገብ አሳረፍኩ። ደወሉ ጮኸ፣ መስታወቱ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። መዳፌ ላይ ምንም የለም። ዞሬ አዲሱን ሞከርኩ። ያው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አንዱን ካንዱ ስለይ ኖሬ አሁን ሁለቱ አንድ ሆኑብኝ። እጄን አሞኝ እንዳይመስልሽ፤ ሰኞ ዕለት የብየዳው ብረት ሲያቃጥለኝ ዘልያለሁ። ሳምንቱን ሙሉ የእኔን ሕመም ከማሽኑ ሆድ ውስጥ ስፈልግ ነበር።

ልጄ፣ ያን ቀን እንባዬን ደብቄሽ አልነበረም። ፈልጌ አጣሁት። ዛሬም አላገኘሁትም። «እናቴን ስለማይወዳት ነው» ብለሽ ከሆነ፣ እንዲያ አይደለም። እወዳታለሁ። ግን ይህን የማውቀው ቴስተሩ ልክ ነው ሲለኝ እንደማውቀው ነው፤ በቁጥር እንጂ በእጄ አይደለም። አናጢው የእናቱ ሐዘን የመጣበት ከቀብሩ ብዙ ቆይቶ፣ እንጨት እየሰነጠቀ ሳለ እንደሆነ ነገረኝ። መጋዙን ጥሎ ወለሉ ላይ ተቀመጠ አሉ፣ ሚስቱ ሮጣ መጣችለት። የእኔም ይመጣል ብሏል። እኔ የምፈራው ብቻዬን ሆኜ እንዳይመጣብኝ ነው።

እንደ እናትሽ መመረቅ አልችልበትም፤ ያለኝን ልስጥሽ። እጅሽ የነካው ይቅናሽ። ክፉ ዓይንም ክፉ ሰውም አይይሽ። ደክሞሽ ስትገቢ የሚጠብቅሽ ሰው አትጪ።

እሑድ እደውላለሁ። አንሺልኝ። ምንም ባልናገር እንኳ አትዝጊው።

አባትሽ