አውሬውን የሰፋሁት እኔ ነኝ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ፤

ለጤናህ እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህስ? ልጆቹስ? ጉሮሮህን ተሻለህ ወይ? ባለፈው እሑድ ስታስተምር ድምፅህ ሲሰነጠቅ ሰምቼ አዝኜልህ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፤ እጄም ዐይኔም ከመርፌ አልተለዩም። እናታችንም ደህና ናት። ስለ እሷ ከታች እጽፍልሃለሁ።

በሁለት ፌርማታ ርቀት እየኖርን ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ፊት ለፊት ብናገር ገና ሳልጀምር ጥቅስ ትመዝብኛለህ። ወረቀት ግን አታቋርጠውም።

ልጅህ ማክሰኞ ለት የሠርግ ልብሷን ልትለካ መጣች። የትንቢቱን ምልክቶች የምታስተምርበትን ሸራም ይዛልኝ መጥታለች። የመጨረሻው ቀን የሚመጣበትን ዓመት ፍቺና አዲሱን ስፊበት ብለህ ልከህብኛል። ይኼ ሦስተኛህ ነው። መጀመሪያ የሰፋሁት ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛውም መጥቶ ሄደ። ሸራው እዚያ ቦታ ላይ ወንፊት ሆኗል።

ያንን አውሬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰባቱን ራሶች ጥጥ የሞላኋቸው እኔ ነኝ። አሥረኛው ቀንድ አልቆም ብሎ ሲዘነበል፣ ይህ ሳይነግሥ የሚወድቀው ንጉሥ ነው ብለህ ተረጎምከው፤ ጉባኤውም አሜን አለ። ጥጥ አልቆብኝ እንደሆነ አውቅ ነበር። እያወቅሁም አመንኩህ።

የልጅህን ወገብ እየለካሁ መቼ ታጨሽ አልኳት። ሁለት ዓመት ሆነን፣ አባባ መርቆናል፣ ለአክስትሽ ብቻ እንዳትነግሪ ብሎኝ ነው አለች። ሜትሩ ከእጄ ወደቀ። የመጨረሻው ቀን ደጅ ደርሷል እያለ እንዴት ይድርሻል ብላት ሳቀች።

«አባባ እኮ እቤት ስለ አውሬው አያወራም» አለችኝ።

እሷን አልቀየምኳትም። ልጅ ምን ታድርግ።

አሁን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለስልኝ። እናታችን መታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ ወድቃ ዳሌዋ የተሰበረ ሳምንት፣ ባለቤትህ ቤታችን ጠባብ ነው አለች። በዚያው ሳምንት አንተ፣ ከዘንዶው ወደ በረሃ የሸሸችው ሴት እኔ መሆኔን አገኘህ። በረሃው ይህ ቤት ነው አልከኝ። በዚያ ክፉ ቀን ላረገዘችና ለምታጠባ ወዮላት አልከኝ። ፈራሁ። አጭቶኝ ለነበረው የአውቶቡስ ሾፌር ቀለበቱን መለስኩለት። ለምን ሲለኝ ስለ ቀንዶቹና ስለ ነገሥታቱ አስረዳሁት። ኮፍያውን በእጁ ይዞ እስክጨርስ ሰማኝና «እኔ የጠየቅሁት አንቺን ነው» ብሎኝ ወጣ።

ወንድም ጋሼ፣ ተሳስተህ ቢሆን ይቅር እልህ ነበር። ሰው ይሳሳታል። አንተ ግን አልተሳሳትክም። ለእኔ የፈታኸውን ምልክት ለልጅህ አልፈታህላትም። ይኼ ነው ያንገበገበኝ። ማስታመሙ አይደለም። እናታችንን አስታምሚ ብትለኝ እሺ እል ነበር፤ ሾፌሩም እሺ ይል ነበር። ለዚህ ዘንዶ መጥራት ምን አስፈለገ?

እናታችን ከመጋረጃው ጀርባ ሆና ሁሉን ሰምታ ኖሯል። ልጅህ እንደወጣች ጠራችኝ።

«የዓለም መጨረሻ ስትሉኝ የከረማችሁት የእኔን ዳሌ ነው እንዴ?» አለች።

ሳቀች፤ ስቃ ስቃ አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ፣ እሱም ልጄ ነው፣ ተራው ይድረሰው፣ ከቁም ሳጥኑ ላይ ሻንጣ አውርጂ አለችኝ። የእሷን ሳወርድ ሁለቱንም አለችኝ።

ሸራህን ልኬልሃለሁ። የድሮውን ዓመት ፈትቼዋለሁ፤ በቦታው ምንም አልሰፋሁም። የእናታችን መድኃኒት ተቋጥሮበታል። ነጩ ክኒን ጠዋት ነው፣ ከምግብ በኋላ። ቢጫው ማታ። በግራ ጎኗ እንዳታስተኛት። ጨለማ አትወድም፤ የኮሪደሩን መብራት ተውላት። ሾርባው ከቀዘቀዘ ትተወዋለች እንጂ አትናገርም፤ አንተው ልብ በልላት።

እኔን አትፈልገኝ። የልጅህ ልብስ አልቋል፤ አሳምሬ ነው የሰፋሁላት። የተረፈው ነጭ ጨርቅ ለአንድ ቀሚስ በቃኝ። ሾፌሩ ዛሬም ያንኑ የድሮ መስመሩን ይነዳል፤ ዛሬም ብቻውን ነው። አውቶቡሱ አራት ሰዓት ላይ ይነሳል።

ልጅህ ትዳሯ ይባረክላት፤ ወልዳ ትሳም። ለአንተም እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥህ፤ እናትህን ለመጦር የሚበቃ።

ያመነችህ እህትህ

ማሳሰቢያ፦ ይህን ስታነብ እናታችን ደጅህ ላይ በምርኩዟ ቆማለች። መጀመሪያ ወንበር ስጣት።